ደሴ ፒያሳ ያለችው ፍላሽ ቤት፦ አሜሪካኖቹን ሳይቆራረጡ ለመስማት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤትና ከልብስ ሰፊ መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ አለች። ታፔላ የላትም። የመስታወት በሯ ላይ «ፊልም፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ ትምህርት፣ ዜና ይጫናል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ፍላሽ ወይም የስልክ ሜሞሪ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ከኮምፒውተሩ ላይ የምትፈልጉትን ትመርጣላችሁ፣ ልጁ ይገለብጥላችኋል። ዋጋው በጊጋ 10 ብር ነው፤ ድምፅ ብቻ ከሆነ ግማሹን ያስከፍላል። እንዲህ ያለ ቤት ደሴ ውስጥ ሞልቷል። ይህችን ለይቼ የምጽፍላት «አሜሪካ» ብሎ ልጁ ስላስቀመጠው አንድ ፎልደር ነው።

ፎልደሩ ውስጥ ያለው የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ንግግር፣ ክርክርና ቃለ ምልልስ ነው፤ የተቃራኒዎቻቸውም ገብቶበታል። ትልቁ ነገር ሁሉም ሙሉ መሆኑ ነው። የአንድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት፣ የሦስት ሰዓቱ ሦስት ሰዓት። ቲክቶክ ላይ እንደምናየው ሠላሳ ሰከንድ ተቆርጦ፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ ተጭኖበት፣ አንዱ ከላይ ሆኖ «አሜሪካ ጉዷ ፈላ!» እያለ የሚጮህበት አይደለም። እንዲህ ያለ አገልግሎት ስፈልግ ነው የኖርኩት። ጉድለቱንም ወደ ኋላ ላይ እጽፋለሁ።

ማን እንደሚጽፍ ይታወቅ። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቤቴ ደሴ ሆጤ። ጠዋት በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ማታ መልሼ እወጣለሁ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ። ዳታ ውድ ነው፣ ጠመዝማዛው ላይ ደግሞ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል፤ ስለዚህ አስጭኜ መያዝ ይቀለኛል። በአስተሳሰቤ ወግ አጥባቂ ነኝ። ልጅ በአባትና በእናት እጅ እንዲያድግ፣ ታላቅ እንዲከበር፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም በሥራው እንዲታፈር፣ መንግሥት ደግሞ ወሰኑን እንዲያውቅ የምፈልግ ሰው ነኝ። ስለዚህ እነዚያን ሰዎች የማዳምጠው እንደ ባዳ አይደለም።

የአሜሪካ ወግ አጥባቂ ደሴ ላለ ሰው ምኑ ነው የሚል ይኖራል። ሳሎናችን ውስጥ ማታ ማታ የሚታየው ፊልም ከየት ነው የሚመጣው? ልጆቻችን አፍ ላይ ያለው ዘፈንስ? ሌላም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ብዙዎቻችን ከተማችንን ጥለን ወጣን። በየዘመድ ቤቱ ተበትነን ሳለ የውጭ ጣቢያዎች ስለ እኛ የሚያወሩትን በሰው ስልክ እንሰማ ነበር። ያየነውና የሚወራው አልገጥም አለን። የእኛ ሬሳ፣ የእኛ የተዘረፈ ሆስፒታል በዜናው ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ ቢኖርም በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። የዜና ወገንተኝነት የሚባለውን ነገር ከዚያ በኋላ እንደ ትምህርት ቤት ርዕስ ላየው አልቻልኩም።

በዚያው ሰሞን፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2021፣ በአሜሪካዋ የቨርጂኒያ ግዛት የአስተዳዳሪ ምርጫ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በዴሞክራቶቹ መንግሥት የኢትዮጵያ ፖሊሲ ተቆጥተው ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን በአደባባይ ቀሰቀሱ፤ ያንግኪንም አሸነፈ። በጁላይ 2024 ያረፉት የኦክላሆማው ሪፐብሊካን ሴናተር ጂም ኢንሆፍም አገራችንን ደጋግመው የጎበኙ ሰው ስለነበሩ ስማቸው ወሎ ድረስ ይታወቃል። እንግዲህ ብዙዎቻችን የወግ አጥባቂዎቹን ፓርቲ፣ ሪፐብሊካን የሚባለውን፣ ያወቅነው በዚህ በኩል ነው፤ ማን ወዳጅ ማን ጠላት በሚለው። ሰዎቹ ምን እንደሚያምኑ፣ ለምን እንደሚያምኑ፣ እርስ በርስ በምን እንደሚጣሉ ግን አናውቅም። የዚህች ሱቅ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ልጁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምቦልቻ ካምፓስ ኮምፒውተር የተማረ ነው። ፎልደሩን የጀመረው ለራሱ እንግሊዝኛ ለማሻሻል እንደነበር ነግሮኛል። ወግ አጥባቂ ነው ወይ ብዬ ጠይቄው፣ «አብሽሩ እትዬ፣ እኔ ሁሉንም ነው የምጭነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

ፎልደሩን የምትከፍቱ ሰዎች ከአሮጌው እንድትጀምሩ እመክራለሁ። ዊልያም ኤፍ. በክሊ ትንሹ የሚባለው ሰው በ1955 «ናሽናል ሪቪው» የተባለውን መጽሔት የመሠረተ፣ ከ1966 እስከ 1999 ድረስ ደግሞ «ፋየሪንግ ላይን» የተሰኘ የቴሌቪዥን ክርክር የመራ ነው። (የፈረንጆቹን ጉዳይ ስጽፍ ዓመቱም በእነሱ አቆጣጠር ነው።) ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ወግ አጥባቂ ነኝ የሚል ሁሉ ወደደም ጠላም ከዚህ ሰው ደጅ ያለፈ ነው። ክርክሮቹን ሁቨር የተባለው የስታንፎርድ ተቋም በዩቲዩብ በነፃ ስለለቀቃቸው ልጁ በብዛት አውርዶ ይዟል።

የሚገርመው በክሊ የሚጋብዘው የሚቃወሙትን መሆኑ ነው። በ1969 ኖም ቾምስኪን አስቀምጦ ስለ ቬትናም ይሟገታል። በ1978 ደግሞ ከሮናልድ ሬገን ጋር፣ ሁለቱም ወግ አጥባቂ ሆነው፣ የፓናማን ቦይ ለፓናማ መመለስ ይገባል አይገባም በሚለው በአደባባይ ተከራከሩ፤ በክሊ ይመለስ ሲል ሬገን አይመለስም አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሬገን ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ ወዳጅነታቸው እንዳለ ነበር። አገር በሚያህል ጉዳይ ተጣልቶ ወዳጅ ሆኖ መቅረትን ያሳየ ክርክር ስለሆነ፣ ከቪዲዮዎቹ ሁሉ ይህን ነው ለሰው የማስጭነው።

ሽንፈቱም አለበት። በፌብሩዋሪ 1965 በእንግሊዝ ካምብሪጅ በክሊ ከጥቁሩ ደራሲ ከጄምስ ባልድዊን ጋር ቆመ። የቀረበው ሐሳብ፣ «የአሜሪካ ሕልም» (የሠራ ሁሉ ይበለጽጋል የሚባለው ተስፋ) የቆመው በጥቁር አሜሪካዊው ኪሳራ ነው የሚል ነበር። ባልድዊን ሲጨርስ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበለት፤ ድምፅ ሲቆጠር ባልድዊን 544፣ በክሊ 164። በዚያ ጉዳይ የወግ አጥባቂዎቹ አቋም ትክክል አልነበረም፤ በክሊ ራሱ በ2004 ለ«ታይም» መጽሔት ለጥቁሮቹ መብት የፌዴራሉ መንግሥት ጣልቃ መግባት ያስፈልግ እንደነበር፣ የእሱ የቀድሞ አስተያየት ስህተት እንደነበር ተናግሯል። ሱቋ ይህን ክርክር ሳትደብቅ ከነሙሉ ርዝመቱ መያዟ ለእኔ ትልቅ ነጥብ ነው። ወገኔ የተረታበትን ካልሰማሁ ወገኔን አላወቅሁትም።

ቀጥሎ ቶማስ ሶዌል። ሰሜን ካሮላይና በ1930 ተወልዶ ሃርለም ያደገ ጥቁር ኢኮኖሚስት ነው፤ በወጣትነቱ ማርክሲስት ነበር። በ1960 ለአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በፖርቶ ሪኮ የስኳር ኢንዱስትሪ ላይ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ምን እንዳስከተለ ሲያጠና ነው ሐሳቡ መቀየር የጀመረው፦ ደመወዙ በሕግ ከፍ ሲል ሥራ አጡ እየበዛ መምጣቱን አየ፣ መሥሪያ ቤቱ ግን መልሱን ለማወቅ ብዙም እንዳልጓጓ ታዘበ። ቃለ ምልልሱን የሚያደርግለት ፒተር ሮቢንሰን ነው፤ ሬገን በ1987 በርሊን ላይ ግንቡን አፍርሱት ያሉበትን ንግግር የጻፈው ሰው።

አንድ እሑድ ይህን ቃለ ምልልስ ሳሎን ውስጥ በቴሌቪዥኑ ከፍቼ እያየሁ፣ ጎረቤታችን ሐጂ ለቡና ገቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸማና አቡጀዲ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ ልጄ እየተረጎመችላቸው ነበር። ሶዌል አዘውትሮ የሚለው ነገር አለ፤ መፍትሔ የሚባል የለም፣ ያለው አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው ነው ይላል። ልጄ ይህን ስትነግራቸው ስኒውን ከአፋቸው መለሱት።

«ይህ ሰውዬ ነጋዴ ነበር እንዴ?»

«አይ ሐጂ፣ ምሁር ናቸው» አልኳቸው።

«ሱቅ ሳይከፍት ይህን ካወቀማ፣ ማሻ አላህ!» አሉና ልጄን «ቀጥይ፣ ቀጥይ፤ እሱ የሚለውን አታሳጥሪብኝ» አሏት።

ሐጂ ያሉትን ነው እኔም የምለው። አታሳጥሩብን።

ማሳጠር ምን እንደሚያደርግ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ያዩት ነገር አለ። በጃንዋሪ 2019 ዋሽንግተን፣ የሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ፣ ከኬንታኪ የመጡ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቆመዋል። የትራምፕ ቀይ ኮፍያ ያደረገ አንድ ልጅ ከበሮ ከሚመታ አረጋዊ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ (ቀይ ሕንድ የሚባለው) ተወላጅ ፊት ለፊት ፈገግ ብሎ የሚታይበት አጭር ቪዲዮ ተለቀቀ። በአንድ ቀን አገሩ ሁሉ ልጁን ንቀተኛና ዘረኛ አደረገው። ቆይቶ ረጅሙ ቪዲዮ ሲወጣ፣ ቀድሞ ተማሪዎቹን ሲሰድቡ የነበሩ ሌሎች ሰዎች እንደነበሩ፣ አረጋዊውም ራሳቸው ወደ ልጆቹ ቀርበው እንደመጡ ታየ። ልጁ መገናኛ ብዙኃኑን ከሰሰ፤ ሲኤንኤን በ2020 መጀመሪያ ላይ፣ ዋሽንግተን ፖስት በዚያው ዓመት ጁላይ በስምምነት ጨረሱ። የእኛ ሰው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያለው ለዚህ ነው። ሱቁ ውስጥ አጭሩም ረጅሙም አለ፤ ክፍል ውስጥ ለተማሪ ለማሳየት የሚፈልግ መምህር ሁለቱንም ይውሰድ።

ወግ አጥባቂዎቹ መገናኛ ብዙኃኑ አይሰሙንም ሲሉ ዛሬ የጀመሩት ስሞታ አይደለም። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ስፒሮ አግኒው በኖቬምበር 1969 በአዮዋ ግዛት ደሞይን ከተማ ላይ ሦስቱን ታላላቅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ ጥቂት ሰዎች ኒውዮርክና ዋሽንግተን ተቀምጠው ለአገር ሁሉ ዜናውን ይመርጣሉ ብሎ ወቀሳቸው። ራዲዮና ቴሌቪዥን በአከራካሪ ጉዳይ ላይ ተቃራኒውንም እንዲያሰሙ ያስገድድ የነበረው የ1949 ደንብ በ1987 ሲነሳ በሩ ተከፈተ፤ በዓመቱ ወግ አጥባቂው ተናጋሪ ረሽ ሊምቦ በራዲዮ አገር አቀፍ ሆነ፣ በኦክቶበር 1996 የወግ አጥባቂዎቹ ቴሌቪዥን ፎክስ ኒውስ ሥራ ጀመረ። ቀድሞ ሚዛን ጠብቁ የሚለውን ደንብ የጠሉት ጣቢያዎቹ ብቻ እንዳልነበሩ፣ ደንቡ ሲነሳ ደግሞ ይበልጥ የተጠቀሙት ወግ አጥባቂዎቹ እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። ደንቡ ከመነሳቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሕግ እንዲጸና ምክር ቤቱ ያወጣውን ሬገን አልፈርምም ብለው ነው ያስቀሩት።

ስሞታው ባዶ እንዳልሆነ የሚያሳይ ከውስጥ የመጣ ምስክር አለ። ኢንፒአር በሚባለው የሕዝብ ራዲዮ 25 ዓመት የሠራው ዩሪ በርሊነር በኤፕሪል 2024 በጻፈው ጽሑፍ፣ ዋሽንግተን ባለው የዝግጅት ክፍል በመራጭነት የተመዘገቡ 87 ዴሞክራቶች ሲያገኝ አንድም ሪፐብሊካን እንዳላገኘ ገለጸ። መሥሪያ ቤቱ ለአምስት ቀን አገደው፣ እሱም ለቀቀ። ጣቢያው ሥራችን ሚዛናዊ ነው ብሎ ተከላክሏል። ይሁንና 87 ለዜሮ በሆነ ክፍል ውስጥ ማን ነው «ቆይ እስቲ፣ በዚያኛው በኩል ያለው ሰው ይህን እንዴት ያየዋል?» ብሎ የሚጠይቀው? ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሚጠይቅ ስለሌለ ነው። እዚህ አገርም የዝግጅት ክፍል ያለው ሁሉ ይህን ቁጥር ግድግዳው ላይ ቢለጥፈው ደስ ይለኛል።

የሕዝቡን ስሜት ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መዛኝ ድርጅት በየዓመቱ ይለካል። በ1976 በመገናኛ ብዙኃን ላይ እምነት አለኝ ያለው አሜሪካዊ 72 በመቶ ነበር፤ በ2024 ግን 31 በመቶ ሆነ። በዚያ ዓመት በሪፐብሊካኖቹ ዘንድ 12 በመቶ ብቻ ነበር፣ በዴሞክራቶቹ 54።

የወገኔንም ልናገር። ከ2020 ምርጫ በኋላ ፎክስ ላይ የምርጫ ማሽን ሠሪው ዶሚኒየን ድምፅ ገለበጠ የሚል ውሸት ተነገረ። ውሸት መሆኑን የጣቢያው ሰዎች በመካከላቸው ሲጻጻፉ ያውቁት እንደነበር በፍርድ ቤት ሰነድ ወጣ፤ ተመልካቹ ይሸሸናል ብለው ግን ለቀቁት። በኤፕሪል 2023 በ787.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጨረሱ። እኔን የሚያመኝ ገንዘቡ አይደለም። ስንት ዓመት ሙሉ «እነዚያ ዋሹ» ያለ ሰው ራሱ ሲዋሽ ስሞታውን ሁሉ አረከሰው። ሊበራል የሆነው ወንድሜ ቨርጂኒያ ሆኖ ይህን እያነሳ ሲሞግተኝ መልስ የለኝም፤ ይዤ የምቀርበው እነ በክሊን ነው። በወሎ የአባጋር ሽምግልና ላይ ሽማግሌው የራሱ ዘመድ ቢሆንም በዳዩን በዳይ ካላለው ነጭ ጥምጥሙን ማን ያከብርለታል? ወግ አጥባቂው ጋዜጠኛም እንደዚያው ነው።

ስለ ቪኦኤ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። አባቴ ማታ ማታ አጭር ሞገድ ራዲዮኑን ከመስኮቱ አጠገብ አስቀምጦ የአማርኛውን ስርጭት ይከታተል ነበር፤ ስርጭቱ በ1982 የተጀመረ ነው። ፕሬዚዳንት ፎርድ በ1976 የፈረሙት ቻርተር ዜናው ትክክለኛ፣ ሚዛናዊና የተሟላ እንዲሆን ያዛል። በማርች 2025 የትራምፕ መንግሥት ወገንተኛ ነው ብሎ ሠራተኞቹን በእረፍት አስወጣና ስርጭቱ ተቋረጠ። ይህን አልደግፍም። አድልዎ ካለ አድልዎውን ማረም እንጂ፣ የገጠር ሰው ራዲዮ ከፍቶ ጫጫታ ብቻ እንዲሰማ ማድረግ የወግ አጥባቂ ሥራ አይመስለኝም፤ የቆየውን ተቋም መጠበቅ ነበር የእኛ ጠባይ። ልጁ የድሮ የአማርኛ ስርጭቶች ካሉት ብዬ ጠየቅሁት፣ የለውም። ቢፈልግ ጥሩ ነው።

ወደ ፊልሙ ልሂድ። እዚህ ላይ የማወራው እንደ እናት ነው። በደሴ ብዙ ቤት የአሜሪካ ፊልም የሚታየው በዲሽ፣ በዓረብኛ የግርጌ ጽሑፍ፣ ኤምቢሲ 2 ላይ ነው። ጣቢያው መሳሳሙንና ገላ መገላለጡን ቆርጦ ስለሚያሳልፍ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤተሰቡን ሰብስቦ ሳይሳቀቅ ያያል። ወደ ሱቅ ስትመጡ ግን የሚቆርጥላችሁ የለም። ልጁ ይህን አስቦ «ከቤተሰብ ጋር» የሚል ፎልደር ከፍቷል፤ የሚለየውም በአሜሪካኖቹ የዕድሜ ምድብ ነው፦ ጂ፣ ፒጂ፣ ፒጂ-13። አር የተባለውን እዚያ አያስገባም፤ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ መጥቶ ቢለምነውም አይጭንለትም። ይህን ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። ትምህርት ቤት የለበሰውን ዩኒፎርም እንኳ ያላወለቀ ልጅ አንድ ፊልም ስሙን ጠርቶ ሲጠይቀው፣ «አባትህን ይዘህ ና፣ በእሱ ፍላሽ እጭንልሃለሁ» ብሎ መለሰው። ለዚህ ብቻ ብዬ ደንበኛው እሆን ነበር።

ምድቡ ግን ለእኛ ይበቃል ወይ? አይበቃም። ሆሊውድ ከ1934 እስከ 1968 ድረስ ጥብቅ የሆነ የራሱ የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው፤ ያ ሲነሳ ነው በዕድሜ መመደብ የመጣው። ፒጂ-13 ደግሞ በ1984 ተጨመረ። ምድቡ የሚቆጥረው ስድብን፣ ደምንና እርቃንን ነው። አባት በቤቱ መሳቂያ ሲሆን፣ እናት በልጇ ስትሰደብ፣ የሚጸልይ ሰው ሁልጊዜ ወይ ጅል ወይ አስመሳይ ሆኖ ሲቀርብ የሚቆጥር የለም። አሜሪካኖቹ ወግ አጥባቂዎች ስለ መዝናኛ የሚሉት ዋና ነገር ይህ ነው፤ ስለ እርቃን ብቻ የሚጮኹ መስሎን ብዙ ጊዜ እናቃልላቸዋለን። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዳን ኳይል በሜይ 1992 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ያለ አባት መውለድን እንደ ተራ ምርጫ አቀረበው ብሎ ሲናገር አገር ሳቀበት። በዓመቱ፣ የወግ አጥባቂ ያልሆነው «አትላንቲክ» መጽሔት «ዳን ኳይል ልክ ነበር» የሚል ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ብቻዋን ልጅ የምታሳድገውን እናት መውቀስ አይደለም፤ እንደዚህ ያሉ እህቶች አሉኝ፣ ጀግኖች ናቸው። ጥያቄው፣ አባት የሌለበትን ቤት ለልጁ ምንም ጉዳት እንደሌለው አድርጎ ማን ነው የሚነግረው የሚል ነው።

የወግ አጥባቂዎች ብቻ ጭንቀትም አልነበረም። በ1985 በዘፈን ካሴቶች ላይ የወላጅ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ከተነሱት እናቶች ግንባር ቀደሟ ቲፐር ጎር፣ በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው የዴሞክራቱ የአል ጎር ሚስት ነበረች። የቀረው የፊልም ክፍል እንደማንኛውም ፊልም ቤት ነው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተገለበጠ ብዙ ስላለ እኔ አልነካውም። የማስጭነው ባለቤቶቹ ራሳቸው በነፃ የለቀቁትን ነው።

ጉድለቶቹ። አንደኛውና ከባዱ፣ ፋይሎቹ ቀን የላቸውም። የ2016ቱና የ2020ው የፕሬዚዳንት ክርክር «ትራምፕ ክርክር 1»፣ «ትራምፕ ክርክር 2» ተብለው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የትኛው የየትኛው ዓመት እንደሆነ ሳይከፍቱ አይታወቅም። ዜና ያለ ቀን ዜና አይደለም። ከአምስት ዓመት በፊት የተደረገ ንግግር ዛሬ እንደተነገረ ተደርጎ ስንቱን ሰው ሲያሳስት እናያለን፣ ይህች ሱቅ ደግሞ ሙሉውን ነው የምሰጠው ብላ ይህን መተው አልነበረባትም። ነግሬው «ልክ ነዎት፣ አስተካክላለሁ» ብሏል፤ እስከዛሬ የተስተካከሉት ግን እኔ የጠየቅኋቸው ብቻ ናቸው። ቀሪውንም ይጨርሰው።

የሊበራሎቹ ወገን አሁንም ሳስቷል። ባልድዊንና ቾምስኪ አሉ፣ ሁለቱም ግን የድሮ ናቸው። የዛሬ ዘመን ጠንካራ ተከራካሪዎቻቸው ይጨመሩ፤ ደካማ ተቃዋሚ ብቻ እየሰማሁ ትክክል ነኝ ማለት አልፈልግም። ከዚህ ሌላ፣ የአማርኛ «ትንታኔ» የሚባሉ የዩቲዩብ ቪዲዮዎች በዚሁ ፎልደር ውስጥ ሾልከው ገብተዋል፤ አንዱን ከፍቼ ባየው የአሥር ደቂቃ ጩኸት ነው፣ ሰውዬው ምን እንዳለ የሚያሰማ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የለበትም። ሌላ ፎልደር ይፈለግላቸው። የግርጌ ጽሑፍ ያላቸውም ጥቂቶች ናቸው፤ እንግሊዝኛው ለሚፈጥንበት ሰው ሶዌል ቀስ ብሎ ስለሚናገር ይሻለዋል፣ በክሊ ግን በከባባድ ቃላት ያደክማል።

መብራት ሲጠፋ ሱቁ ይቆማል፤ ጄኔሬተር የለውም። ፍላሻችሁን ስም ጽፋችሁበት ትታችሁ መመለስ ነው። ፍላሹን ከመንካቱ በፊት ቫይረስ ይፈትሻል፣ ሾርትከት የሚያደርገው ያ የተለመደው ቫይረስ ካለ ያጸዳላችኋል፣ ለዚህ አያስከፍልም። እስካሁን የጠፋብኝ ፋይል የለም።

ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋል፣ ከሰላት በኋላ ይከፍታል። ሰኞ ገበያተኛ ስለሚበዛ ወረፋ አለ፤ ሐሙስ ከሰዓት ብትሄዱ ተረጋግቶ ያሳያችኋል። 32 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። መጀመሪያ የ1978ቱን የፓናማ ክርክር፣ ቀጥሎ የሶዌልና የሮቢንሰንን ቃለ ምልልስ፣ ከዚያ የካምብሪጁን በሉት። መንገድ ላይ የምትሰሙ ከሆነ ድምፁን ብቻ ያውጣላችሁ፤ ዋጋውም ግማሽ ነው፣ ስልክም አይሞላም። ዓመቱን ፋይሉ ስም ላይ እንዲጽፍላችሁ ደግሞ ጠይቁት፤ ብዙ ሰው ከጠየቀው ሁሉንም ይጽፈዋል።